ጨረቃ ላይ ማን ያድራል?

«አሜሪካ ትቀድማለች ወይስ ቻይና?» የሰው ልጅ ወደ ጨረቃ ስለመመለሱ በተነሳ ቁጥር ወሬው የሚከፈተውም የሚዘጋውም በዚህ ጥያቄ ነው። የዋሽንግተን እንደራሴዎች በጀት ሲያጸድቁ ያነሱታል፣ የዓለም ጋዜጦች ርዕስ ያደርጉታል፣ የእኛም ሬዲዮኖች ከውጭ ዜና እየተቀበሉ ያስተጋቡታል። ቀድሞ መድረስ ራሱ ምን እንደሚያስገኝ ግን የሚጠይቅ የለም። እኔ ጥያቄው ከሥሩ የተበላሸ ነው ባይ ነኝ። ከዲሴምበር 1972 በኋላ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጨረቃን ለግማሽ ምዕተ ዓመት ሰው አልባ ያደረጋት የእውቀት ማነስ አይደለም፤ እሽቅድምድም ነው። ዛሬም ይኸው መንፈስ ከመራን ባንዲራ ተክለን እንመለስና ሌላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ከታች ሆነን እናያታለን።

የእሽቅድምድሙ ደጋፊዎች ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ ክርክራቸው በሙሉ ክብደቱ ይቅረብ። መንግሥታት ለጠፈር ካዝናቸውን የሚከፍቱት ባላንጣ ሲኖራቸው ብቻ ነው ይላሉ። ሶቪየት ኅብረት ዩሪ ጋጋሪንን በኤፕሪል 1961 ባታመጥቅ ኖሮ፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በሚቀጥለው ወር ኮንግረስ ፊት ቆመው ጨረቃን ባላነሱም ነበር። ደግሞም በጨረቃ ደቡብ ዋልታ ፀሐይ እምብዛም የማይለያቸው ከፍታዎችና በረዶ ያቀፉ ጨለማ ጉድጓዶች ጥቂት ናቸው፤ ቀድሞ የደረሰ ደህና ደህናውን ይይዛል፣ የአካባቢውንም ደንብ እሱ ይጽፋል። ቻይና እስከ 2030 ሰው አሳርፋለሁ ብላ ቀን ቆርጣለች፣ እየሠራችም ነው፤ ተቀናቃኝ እየሮጠ መራመድ ሽንፈትን መምረጥ ነው። ይህ የሞኝ ክርክር አይደለም። በተለይ ስለ ገንዘብ የተባለው ግማሹ እውነት ነው። ጉዳቱ ያለው በቀረው ግማሽ ነው።

ፉክክር ገንዘብ ያመጣል። በ1966 የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ከአገሪቱ ፌዴራል በጀት ከ4 በመቶ በላይ ይወስድ ነበር፤ ዛሬ ግማሽ በመቶ እንኳ አይደርሰውም። ነገር ግን ዓመቱን ልብ በሉልኝ። ኒል አርምስትሮንግ ጨረቃን የረገጠው በጁላይ 1969 ነው። የበጀት ድርሻው ማሽቆልቆል የጀመረው ሰው ከመድረሱ ሦስት ዓመት ቀድሞ ነው ማለት ነው። ድሉ የማይቀር መሆኑ ሲታይ ቦርሳው መታሰር ጀመረ። ሰው ወደ ጨረቃ የሚወስዱት የሳተርን 5 ሮኬቶች ተጨማሪ እንዳይሠሩ የተወሰነው በ1968፣ ገና ማንም ሳያርፍ ነው። ከአፖሎ የጨረቃ ጉዞዎች አፖሎ 20 በጃንዋሪ 1970 ተሰረዘ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ሌሎች ሁለት ጉዞዎች ተከተሉት። ለጨረቃ ተሠርተው የተረፉ የሮኬቱ ክፍሎች ዛሬ ሂዩስተንና ፍሎሪዳ ውስጥ ለጎብኚ ተጋድመዋል። ሯጭ ክሩን ከበጠሰ በኋላ መሮጡን የሚቀጥለው ለምን ብሎ ነው? የእሽቅድምድም ገንዘብ የድሉ ቀን የሚያልቅ ገንዘብ ነው። ደጋፊዎቹ እንዴት እንደሚመጣ ይነግሩናል፤ እንዴት እንደሚሄድ አይነግሩንም።

በዚያ ሁሉ ወጪ የተገዛው የሰው ቆይታ ምን ያህል ነው? 6 ጊዜ ታርፏል፣ 12 ሰዎች ረግጠዋል። ስድስቱ ቡድኖች ጨረቃ ላይ ያሳለፉት ጊዜ በሙሉ ቢደመር 13 ቀን አይሞላም። ረጅሙ የአፖሎ 17 ነው፤ እሱም 75 ሰዓት ያህል። ጨረቃ ላይ ደግሞ ፀሐይ ከወጣች እስክትጠልቅ የምድር ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል፣ ሌሊቱም ያንኑ ያህል ነው። ሁሉም ያረፉት በጨረቃ ማለዳ ነው። ሁሉም ጨለማው ሳይደርስ ተነሥተው ሄደዋል። የሰው ልጅ ጨረቃን ረግጧል፤ ጨረቃ ላይ ግን አንድም ሌሊት አላደረም።

ይህን ሐቅ አቅልለን ማለፍ የለብንም፤ ምክንያቱም የጨረቃ ፈተና ሌሊቷ ነው። በወገቧ አካባቢ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 170 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ከፀሐይ የሚገኘው ኃይል ለሁለት ሳምንት ይቋረጣል። የሕንድ ቪክራም ማረፊያ በኦገስት 2023 በደቡብ ዋልታ አቅራቢያ በሰላም ወርዶ ሥራውን በሚገባ ሠራ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ አንቀላፋ፤ ሲነጋ ቢጠሩት አልመለሰም። ሰው ያንን ሌሊት እንዲያልፍ የኒውክሌር ማመንጫ ወይም ትልቅ የኃይል ማከማቻ፣ ከጨረር የሚከልል መጠለያ፣ የሚጠገን ማሽን፣ በየወሩ የሚደርስ ስንቅ ያስፈልጋል። አቧራውም አለ። የአፖሎ 17 ሰዎች በሦስት ቀን ውስጥ የልብሳቸው መጋጠሚያዎች በዚያ እንደ መስታወት ስባሪ በሚቧጭር አቧራ ተጎድተውባቸዋል፤ ሃሪሰን ሽሚት መንኮራኩሩ ውስጥ ገብቶ የራስ ቁሩን ሲያወልቅ አፍንጫው እንደ ጉንፋን ታፍኖበታል። በሦስት ቀን እንዲህ የሆነ በሦስት ወር ምን ይሆናል? ስለ ሰውነታችንም ያለን እውቀት ከዚህ አይሻልም። ክብደት በሌለበት አጥንትና ጡንቻ ምን እንደሚሆን በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከ20 ዓመት በላይ አጥንተናል። የምድር ስበት አንድ ስድስተኛ ብቻ ባለበት ቦታ ለወራት የኖረ ሰው ምን እንደሚገጥመው ግን ማንም አያውቅም፤ ያለን መረጃ እነዚያው 13 የማይሞሉ ቀናት ናቸው። እሽቅድምድም ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱንም መመለስ አይጠይቅም። ለመቅደም ጠዋት አርፎ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ከመምሸቱ በፊት መነሣት ይበቃል።

«እንግዲያው ሮቦት ይላክ፤ ሰው ምን ሊሠራ ይሄዳል?» የሚሉኝም አሉ። ከእነሱም ጋር አልስማማም። የአፖሎ ሰዎች 382 ኪሎ ግራም አለትና አፈር ይዘው ተመልሰዋል፤ በ1970ዎቹ የሶቪየት ሮቦቶች በሦስት ጉዞ ያመጡት ሁሉ ግማሽ ኪሎ አይሞላም፣ ቻይና በ2020ና በ2024 በሁለት ድንቅ ጉዞዎች ያመጣችው ተደምሮ ከአራት ኪሎ ያንሳል። የአፖሎ 17ቱ ዩጂን ሰርናንና ሽሚት በሦስት ቀን ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ በጨረቃ ላይ ነድተዋል፤ ኦፖርቹኒቲ የተባለችው የማርስ ተሽከርካሪ 42 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 11 ዓመት ወስዶባታል። ከ2019 ጀምሮ ኢንሳይት የተባለው የማርስ መሣሪያ አምስት ሜትር እንዲቆፍር የላኩት መሰርሰሪያ ከገጽ እልፍ ሳይል ሁለት ዓመት ታግሎ ተተወ። በ1971 የአፖሎ 15 መሰርሰሪያም መሬት ውስጥ ተቀርቅሮ ነበር፤ ዴቪድ ስኮትና ጄምስ ኧርዊን ትከሻቸውን ሰጥተው ታገሉትና ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝም ናሙና መዝዘው አወጡ። የሰው እጅና ዓይን ምትክ አልተገኘላቸውም። ጥፋቱ ሰው መላኩ አይደለም። ጥፋቱ ከ12ቱ መካከል በሙያው የሥነ ምድር ሳይንቲስት የነበረው ሽሚት ብቻ መሆኑ፣ እሱም ተራው የደረሰው በመጨረሻው ጉዞ መሆኑ ነው። ለእሽቅድምድም ሳይንቲስት አያስፈልግም ነበርና።

ይህ ሁሉ ከዚህ በፊት እዚሁ ምድር ላይ ታይቷል። ኖርዌያዊው ሮአልድ አሙንድሰን በዲሴምበር 14 ቀን 1911 የምድርን ደቡብ ዋልታ ረገጠ። እንግሊዛዊው ሮበርት ስኮት ከአምስት ሳምንት በኋላ ሲደርስ የኖርዌይ ባንዲራ ተተክሎ ጠበቀው፤ በመመለሻው እሱና አራት ጓዶቹ በረዶ ላይ ቀሩ። እሽቅድምድሙ አሸናፊውን አገኘ። ከዚያስ? ከዚያ በኋላ ለ44 ዓመታት ዋልታው ላይ የቆመ ሰው የለም! በኦክቶበር 1956 የአሜሪካ ባሕር ኃይል አውሮፕላን እስኪያርፍ ድረስ ቦታው እንደተረሳ ቆየ። ያን ጊዜ የመጡት ግን ለመቅደም አልነበረም። ከ1957 እስከ 1958 ለቆየው ዓለም አቀፍ የምድር ፊዚክስ ዓመት ጣቢያ ሠርተው ሊያድሩ ነው። ጣቢያው የአሸናፊውንና የተሸናፊውን ስም አብሮ ይዞ አሙንድሰን ስኮት ተባለ፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ስድስት ወር በሚዘልቀው ጨለማ እንኳ ሰው ተለይቶት አያውቅም። በ1959 አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ያሉባቸው 12 አገሮች አህጉሩን ለሰላማዊ ምርምር የሚያውል ውል ፈረሙ፤ ቀዝቃዛው ጦርነት በጋለበት በዚያ ሰዓት።

በዚያው አህጉር፣ ሃሊ ቤይ በሚባል ጣቢያ፣ እንግሊዞች ከ1957 አንስቶ በላያቸው ያለውን የኦዞን መጠን በየዓመቱ ይለኩ ነበር። ማንም አያጨበጭብላቸውም፣ ማንም ርዕስ አያደርጋቸውም። በ1985 ጆ ፋርማን፣ ብራያን ጋርዲነርና ጆናታን ሻንክሊን ያ የኦዞን ጋሻ በየፀደዩ እየሳሳ መሆኑን ለዓለም አስታወቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኦዞንን የሚጎዱ ኬሚካሎችን የሚገታው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ተፈረመ፤ ዛሬ እኔም አንባቢዬም ከፀሐይ ክፉ ጨረር የምንጠበቅበት ሽፋን እያገገመ ያለው በዚያ ምክንያት ነው። ይህ ግኝት የአሙንድሰን ባንዲራ ፍሬ ነው? ለመድረስ የተሽቀዳደሙት ዋልታውን ጥለውት ሄዱ፤ ለመቆየት የመጡት ለሰው ዘር ሁሉ የሚተርፍ ነገር አገኙ።

የደቡብ ዋልታው ታሪክ «ቀድሞ የደረሰ ይይዛል» የሚለውንም ክርክር ያፈርሰዋል። ዛሬ በምድር ደቡብ ዋልታ ላይ ያለው ጣቢያ የአሜሪካ ነው፤ የአሙንድሰን አገር የኖርዌይ አይደለም። ጨረቃ ላይም አሜሪካ 6 ባንዲራ ተክላለች፤ ያ ባንዲራ አንድ ስንዝር መሬት አላስገኘላትም፣ ሊያስገኝላትም አይችልም። የ1967ቱ የኅዋ ውል ማንም መንግሥት ጨረቃን በይዞታው ሥር ማድረግ እንደማይችል ደንግጓል። ደንብ የሚጻፈው በልማድ ነው ከተባለም፣ ልማድ የሚያቆመው ዓመት ከዓመት እዚያው የሚሠራ እንጂ አንድ ጠዋት ያረፈ አይደለም። በረዶውስ? በ2009 ናሳ ሮኬት ከጣለበት የካቤዎስ ጉድጓድ ውኃ መኖሩ ተረጋግጧል፤ ምን ያህል እንደሆነ፣ በምን ጥልቀት እንዳለ፣ ተቆፍሮ ይወጣ እንደሆን ግን ቦታው ሄዶ የሚመረምር ያስፈልጋል። ይህንኑ እንዲመረምር ቫይፐር የተባለ ተሽከርካሪ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ናሳ በጁላይ 2024 በወጪ ምክንያት ጉዞውን ሰረዘበት፤ ሌላ ማረፊያ የተገኘለት በ2025 ነው። «በረዶውን ይቀድሙናል» እያሉ የሚያስፈራሩ ሰዎች ባሉባት አገር በረዶውን የሚፈልገው መሣሪያ መጋዘን ውስጥ ተቀመጠ። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይምጣ?

ስለ ቻይናም እንነጋገር። የቻይናን አካሄድ እሽቅድምድም ብሎ የጠራ ሰው ሥራዋን አላየም። በ2007 አንዲት ሳተላይት ጨረቃን እንድትዞር ላከች። በ2013 ጨረቃ ላይ መሣሪያ አሳረፈች። በጃንዋሪ 2019 ከምድር በማይታየው ገጽ ላይ፣ ማንም ባልሞከረው ቦታ፣ መሣሪያ አሳረፈች፤ ለዚያ የምታገናኝ ሳተላይት አስቀድማ አሰናድታ ነበር። በ2020 አፈር አመጣች፣ በ2024 ከዚያው ከሩቁ ገጽ ሌላ አፈር አመጣች። እያንዳንዱ ደረጃ በፊተኛው ላይ የተሠራ ነው። በአንጻሩ ዋሽንግተንን እንይ። በ1989 አንዱ ፕሬዚዳንት ወደ ጨረቃ እንመለሳለን አሉ፣ ተረሳ። በ2004 ልጃቸው ደገሙት፤ በ2010 ተተኪያቸው ሊሰርዙት ወሰኑ። በማርች 2019 ምክትል ፕሬዚዳንት ማይክ ፔንስ ሃንትስቪል ላይ ዳግም የጠፈር እሽቅድምድም ውስጥ ነን ብለው አሜሪካውያን በአምስት ዓመት ውስጥ ጨረቃ እንደሚያርፉ አወጁ። 2024 መጣ፣ ሄደ። ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ ማለት ይህ ነው። የእሽቅድምድም ንግግር ቀን ይቆርጣል፤ ሮኬትና መጠለያ አይሠራም።

ሲሠራም በጥድፊያ ይሠራል፤ የጥድፊያው ዋጋ ደግሞ የሰው ነፍስ ነው። በጃንዋሪ 27 ቀን 1967 አሜሪካውያኑ ጠፈርተኞች ጋስ ግሪሶም፣ ኤድ ዋይትና ሮጀር ቻፊ ከምድር ሳይነሱ፣ በልምምድ ላይ ሳሉ በእሳት አለቁ፤ ክፍሉ በንጹሕ ኦክስጅን ተሞልቶ ነበር፣ በሩም ወደ ውስጥ የሚከፈት ስለነበር ሊከፍቱት አልቻሉም። ሦስት ወር ሳይሞላ የሶቪየቱ ጠፈርተኛ ቭላድሚር ኮማሮቭ በሶዩዝ 1 ሲመለስ ፓራሹቱ አልዘረጋ ብሎ ሞተ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ የፈሰሰው ሕይወት ሲሆን ግን የሚለቀም ነገር የለም። አርጤምስ በተባለው የናሳ የጨረቃ መርሐ ግብር በ2022 ሰው ሳይጭን ወደ ጨረቃ ደርሶ የተመለሰው መንኮራኩር፣ የሙቀት ጋሻው ከመቶ በላይ ቦታ ላይ ተቦርቡሮ ተገኘ። ናሳ ምክንያቱን ሳያውቅ ሰው አላሳፍርም አለ፤ በዲሴምበር 2024 ጥፋቱ ጋሻው ውስጥ ከታፈነ ጋዝ የመጣ መሆኑን ገልጾ ሰው የሚጭነውን ጉዞ ወደ 2026 ገፋው። ብዙዎች ይህን የመሸነፍ ምልክት አድርገው ጻፉ። እኔ ግን በመርሐ ግብሩ ውስጥ ካየኋቸው ውሳኔዎች ሁሉ የምኮራበት ይህ ነው። በእሽቅድምድም ሒሳብ ያ መዘግየት ኪሳራ ይባላል። አራት ሰው እዚያ ውስጥ ለሚያስቀምጥ ግን ሌላ ሒሳብ አለ?

አሁን ወደ ጠንካራው ክርክራቸው ልመለስ፦ ያለ ባላንጣ ማን ይከፍላል? በጁን 1993 የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት የጠፈር ጣቢያውን ዕቅድ ለመሰረዝ በቀረበ ሐሳብ ላይ ድምፅ ሰጠ፤ ዕቅዱ የተረፈው በ216 ለ215፣ በአንድ ድምፅ ነው። ሶቪየት ኅብረት ፈርሳለች፣ ባላንጣ የለም። በእነሱ አባባል ከሄድን ጣቢያው በዓመቱ መሞት ነበረበት። የሆነው ተቃራኒው ነው። የትናንቷ ጠላት ሩሲያ እንድትገባ ተጋበዘች፤ ጃፓን፣ ካናዳና አውሮፓ ጸንተው ቆዩ፤ ዕቅዱም ጽኑ መሠረት አገኘ። ከኖቬምበር 2000 ጀምሮ ጣቢያው አንድም ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ኮሎምቢያ የተባለችው መንኮራኩር በ2003 ስትበተን አልተዘጋም። በፌብሩዋሪ 2022 የዩክሬን ጦርነት ሲነሳ አልተዘጋም፤ ከአንድ ወር በኋላ አሜሪካዊው ማርክ ቫንደ ሃይ ከሁለት ሩሲያውያን ጋር በአንድ ሶዩዝ ወርዶ ካዛክስታን ሜዳ ላይ አረፈ። ለአጋር የተገባ ቃል ለመሰረዝ ይከብዳል፤ በባላንጣ ላይ የተቀዳጁት ድል ግን ለመርሳት ይቀላል። በጽናት የመጣው ገንዘብ የትብብሩ ነው።

በ1971፣ ቬትናም እየነደደች፣ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት የጨረቃ አፈር በግራም እየለኩ ተለዋውጠዋል። ከ2011 ወዲህ ግን የአሜሪካ ኮንግረስ ናሳ ያለ ልዩ ፈቃድ ከቻይና ጋር በቀጥታ እንዳይሠራ በሕግ ከልክሏል። የቀዝቃዛው ጦርነት ሰዎች ከእኛ ዘመን ሰዎች የበለጠ አስተዋይ ነበሩ ማለት ነው? ሌላው ዓለምስ ጎራ ምረጥ እየተባለ እስከ መቼ ይኖራል? ናይጄሪያና ሩዋንዳ ከአሜሪካ የአርጤምስ ስምምነት ጋር ተሰለፉ፤ ግብፅና ደቡብ አፍሪካ ከቻይናና ከሩሲያ የጨረቃ ጣቢያ ዕቅድ ጋር። ሴኔጋልና ታይላንድ ሁለቱንም ፈረሙ፤ እኔም ልክ አደረጉ እላለሁ። የመጀመሪያ ሳተላይቷን በዲሴምበር 2019 ከቻይና ምድር ላመጠቀችው፣ ልጆቿም በአሜሪካ ቤተ ሙከራዎች ለሚሠሩላት ኢትዮጵያ ከእነዚህ ጎራዎች አንዱን መምረጥ ምን ይፈይድላታል? ጨረቃ የሁሉም ሰማይ ላይ ናት። በእሽቅድምድሙ ግን ከሁለት አገሮች በቀር የቀረነው ሁላችን ተመልካች ነን።

ስለዚህ ዕቅድ ሲቀርብልኝ የምጠይቀው የማረፊያውን ቀን አይደለም። ለሁለቱ ሳምንት ጨለማ መብራቱ ከየት ይመጣል? የመጀመሪያው ቡድን ሲነሣ የሚተካው ቡድን ተዘጋጅቷል? የናሳ ዋና ተቆጣጣሪ በ2022 የመጀመሪያዎቹ የአርጤምስ ማምጠቆች እያንዳንዳቸው 4.1 ቢሊዮን ዶላር እንደሚፈጁ ለኮንግረስ ተናግረዋል፤ በዚህ ዋጋ በዓመት ስንት ጊዜ ይሄዳል? ቻይናውያን ያመጡትን አፈር አሜሪካዊው፣ አሜሪካውያን የሚያመጡትን ቻይናዊው ሳይከለከል ይመረምረዋል? ለእነዚህ መልስ ያለው ዕቅድ በ2035 ቢደርስም ደጋፊው ነኝ። መልስ የሌለው ዕቅድ ነገ ቢያርፍ አፖሎን ደገመ እንጂ ወደፊት አልሄደም። ቻይናውያን ቀድመው ያረፉ ዕለት ደስ ይለኛል፤ አሜሪካውያንም ቢቀድሙ እንደዚያው። በማግስቱ ግን ለማንኛቸውም ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ፀሐይ ስትጠልቅ እዚያው ናችሁ ወይስ ዕቃችሁን እየሸከፋችሁ ነው?